የአያ ፈንቴ ስለት

ለወፍጮ ቤት ሠራተኛ ወሬ የሚደርሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ሞተሩ እየጮኸ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ የምንግባባው በእጅና በከንፈር ነው። የአያ ፈንቴን መሞት የሰማሁትም እንዲሁ ነው። ረፋድ ላይ መብራቱ ሄደ፤ ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ፤ ወረፋ ከያዙት ሴቶች አንዷ ስታወራ የቆየችው ነገር መጨረሻው ጆሮዬ ገባ።

«… ተኝተው በዚያው አረፉ አሉ። ያ ታቦት ዓይናቸውን ያበራላቸው ሰውዬ።»

ሌላዋ ቀበል አድርጋ «የትኛው? ኪሎ የሚሰርቁት?» አለች።

እኔ ሒሳብ ከምቀበልበት መስኮት ጀርባ ቆሜ ሁለቱንም ሰማሁ። ሁለቱም ስም የእሳቸው አልነበረም። ይህንን በደብረ ታቦር ከተማ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩዬ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ምን አደረግሁ? ዓይኔን በነጠላዬ ጠርጌ «ነፍስ ይማር» አልኩ። መብራቱ ሲመጣ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከቤሩት ተመልሼ እዚህ ወፍጮ ቤት ስቀጠር አያ ፈንቴ ከወፍጮው ጋር አብረው የተተከሉ ይመስሉ ነበር። ቅንድባቸውና ሽፋሽፍታቸው ሁልጊዜ ዱቄት ነው። እህሉን የሚመዝኑት፣ ወደ ወፍጮው አፍ የሚያፈሱት፣ ዱቄቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ፈተግ አድርገው «ላመ» ወይም «ገና ነው» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ስሜን ነገርኳቸው፤ ብርቄ። አልተጠቀሙበትም። «አንች ቤሩት» ነበር የሚሉኝ።

«አንች ቤሩት፣ እዚያ አገር ዱቄት በላስቲክ ታስሮ ነው አሉ የሚሸጥ።»

«አዎ፣ አያ ፈንቴ።»

«ማን እንደፈጨው ሳይታወቅ?»

«ሳይታወቅ።»

«ወይ ጉድ! እና ሆዳችሁን አያማችሁም?»

አንዲት ልጅ ተጣድፋ ጆንያዋን ስትዘረግፍ ካዩ መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ዝቅ ዝቅ ያደርጉታል። ሞተሩ ሲቆም ትርጉሙን በአፋቸው ይሉታል፤ «ቀስ፤ እህል ነው።» መሬት ላይ የፈሰሰ ካለ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ባለ እህሏ ትታው ልትሄድ የፈለገችውን እንኳ ለቅመው ጆንያዋ ውስጥ ይጨምሩላታል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በልቤ እስቅ ነበር። ሰው አገር ስንት እንጀራ፣ ስንት ሩዝ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል አይቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። በኋላ ግን እኔም ሳላውቀው መልቀም ጀመርኩ።

ስኳር ነበረባቸው። የስኳሩን መድኃኒት ቤታቸው ውስጥ እርጥብ አሸዋ በተሞላ እንስራ ውስጥ ነበር የሚያቀዘቅዙት፤ ጠዋት ጠዋት ተወግተው ይመጡና «ስኳሬን አብልቼ መጣሁ» ይላሉ፣ ስለ በሬ እንደሚያወሩ ሁሉ።

አንድ ሰሞን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው እጃቸውን ፊታቸው ላይ ሲያወናጭፉ አየኋቸው።

«ምነው አያ ፈንቴ?»

«ዝንቡ በዛ እኮ ዛሬ።»

አንድም ዝንብ አልነበረም። ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ሰንበት ብሎ ዝንቡ ክር ሆነ፤ ጥቁር ክር ከፊታቸው ይንሳፈፋል፤ ሊይዙት ሲሉ ይሸሻል። ያዩት ሁሉ «ዱቄት ነው፣ በወተት ይታጠቡት» አሏቸው። ታጠቡ። አንድ ጠዋት ግን ግድግዳውን ይዘው መጡ። የቀኝ ዓይናቸው ቀይ የጎርፍ ውኃ ሞልቶበት፣ በዚያ ውስጥ የሚያዩ እንደሚመስላቸው ነገሩኝ። ግራውም ጭጋግ ነገር ጀምሮታል።

ይህን አውቀዋለሁ። ቤሩት የማስታምማቸው አሮጊት እመቤቴ ያንኑ ነበር የሚሉኝ፤ በየወሩ ደግፌ ዓይናቸውን ለማስወጋት የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። «አያ ፈንቴ፣ ይኼ ዱቄት አይደለም፣ ስኳሩ ነው» አልኳቸው። እዚሁ ያለ ሐኪም አያቸውና ለዚህ የሚሆን ባለሙያ ባሕር ዳር ነው ያለው ብሎ ላከን። እትዬ ጥሩዬ መኪና ስለማይስማማቸው ይዤያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።

የባሕር ዳሩ ሐኪም ወጣት ነው፤ ትዕግሥተኛ ነው። ስኳሩ ከዓይን በስተኋላ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደደፈናቸው፣ ደም ያጣው የዓይን ክፍልም ሲጨንቀው አዳዲስ የደም ሥሮች እንደሚያበቅል ነገራቸው።

«አዲስ ማብቀሉ ታዲያ ደግ አይደለም ወይ?» አሉ አያ ፈንቴ።

«አይደለም፣ አባቴ። አዲሶቹ መብቀል በሌለባቸው ቦታ ነው የሚበቅሉት፤ ደግሞ ደካሞች ናቸው። ይበጠሱና ዓይንዎን በደም ይሞሉታል። እኛ መርፌ የምንወጋዎት እንዲከስሙ ነው።»

«የት ነው የምትወጉኝ?»

«ዓይንዎ ውስጥ።»

አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞረው «አንች ቤሩት፣ ይኸን መቼ ነገርሽኝ?» አሉ። አልነገርኳቸውም ነበር፤ ብነግራቸው እንደማይመጡ አውቄ።

ዓይናቸውን ተሸፍነው ሲወጡ ግን «ይኸን ያህል አይደለም፣ የስኳሩ ይብሳል» አሉ። ሐኪሙ ሁለታችንንም አቁሞ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ደሙ ሲጠራ ድነዋል ማለት አይደለም፤ ሥሮቹ ተመልሰው ይበቅላሉ፤ መርፌው በየወሩ ይደጋገማል፤ ከዚያ ጨረር ይከተላል፤ እንዳትቀሩ። እሺ ብለን ወጣን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። እትዬ ጥሩዬ በበኩላቸው ጸበል ያስጠምቋቸው ጀመር። ይህም ደግ ነው፤ የንስሐ አባታቸውም «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪሙንም ስማ» ነው ያሏቸው። አያ ፈንቴ ደግሞ ጸበሉ ዘንድ ቆመው ተሳሉ፤ ብርሃኔን ከመለስህልኝ ለንግሥህ ጃንጥላ አስገባለሁ ብለው። ከመርፌው በኋላ ደሙ ቀስ በቀስ ይጠራ ነበር። ጠርቶ ጠርቶ አንድ ጠዋት ጸበል ሲጠመቁ፣ የካህኑን የእጅ መስቀል ቅርጽ ከነሐረጉ አዩት። በጉልበታቸው ወደቁ። ባሕር ዳር የተነገራቸውን ሁሉ ያ ጠዋት ዋጠው።

እኔስ ምን ብዬ ልከራከር? ታቦቱ እኮ የእኔም ታቦት ነው። ቤሩት እያለሁ ስንት ጊዜ ስሙን ጠርቼ አልቅሻለሁ።

ስለቱ የሰመረለት ሰው በንግሡ ቀን ስለቱን አስገብቶ፣ የተደረገለትን በሕዝብ ፊት መናገር አለበት፤ እኛ ዘንድ ወጉ ነው። አያ ፈንቴ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ቅንድባቸው ላይ ዱቄት ሳይኖር ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ዕውር ነበርሁ፣ አየሁ። ሰው አይደለም ያዳነኝ» አሉ። ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። ባሕር ዳርን አላነሱም። እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልኩ።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አስታወስኳቸው። ሚዛኑን እየጠረጉ ነበር።

«አንች ቤሩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዳንሁ ብዬ ጃንጥላ አግብቼ፣ ነገ ተመልሼ ልወጋ? ለካስ አላመነውም አይሉኝም?»

«ይበሉ።»

«እኔን ቢሉኝ ምንም አልነበር፤ የሚታማው ታቦቱ ነው።»

ከዚያ በኋላ የባሕር ዳርን ስም አታንሽብኝ አሉኝ። ሰዎች ይመጡባቸው ጀመር። ሕፃን የታመመባት ልጇን አዝላ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ በዘንግ እየተመራ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ይጠብቋቸዋል። ታሪኩን ንገሩን፣ እጅዎን ጫኑብን ይሏቸዋል። እሳቸው ያፍሩ ነበር፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ዱቄቱን ያራግፉና «እኔ ምን አለኝ፣ እሱን ለምኑ» ይላሉ። ግን ታሪኩን ይናገራሉ። አለመናገር ውለታ መካድ ይመስላቸዋል።

መልሶ እንደጠፋባቸው ያወቅሁት ሲደናቀፉ አይቼ አይደለም። ሃያ ዓመት የቆሙበትን ቤት ጨፍነውም ይዞሩታል። ያወቅሁት በገብስ ነው። አንዲት ሴት ገብስ ደፋች፤ አያ ፈንቴ በላዩ ሄዱበት። ከእግራቸው ስር እየተደቆሰ ሄዱበት፣ ተመለሱበት፣ ጎንበስ አላሉም።  ራሴ ሄጄ ለቀምኩት። ጎንበስ ብዬ ስለቅም ሞተሩ ቆመ፤ ድምፁን ሰምተው «ፈሶ ነበር እንዴ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ትንሽ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ስለዚያ ነገር አልተናገርንም።

ሚዛኑ ዙሪያው ቁጥር የተጻፈበት፣ ቀስት ያለው የድሮ ሚዛን ነው። አያ ፈንቴ ቀስቱ ስለማይታያቸው ጆንያውን ሲያነሡ በክንዳቸው ይገምቱና የገመቱትን ወደ መስኮቴ ጠጋ ብለው ይነግሩኛል፤ እኔ ሒሳቡን እቀበላለሁ። ክንዳቸው ለጉድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቀስቱ ጋር ይገጥማል። ብዙ ጊዜ።

ወይዘሮ አንጓች ጠላ ጠማቂ ናቸው፤ ከአያ ፈንቴ ጋር አብሮ አደግ። አንድ ጠዋት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ ብቅላቸውን ፊት ለፊት ካለው እህል ቤት አስመዝነው አመጡ። አያ ፈንቴ ኪሎውን ሲጠሩ ወይዘሮ አንጓች ደነገጡ።

«አንተ ፈንቴ፣ ስንት አልኸኝ?»

ደገሙላቸው።

«እስቲ ቀስቱን አይተህ ንገረኝ።»

አያ ፈንቴ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀና ብለው ያንኑ ደገሙ። ከኋላ የቆመች ልጅ ቀስቱን አይታ ትክክለኛውን አነበበች፤ ከተጠራው በጣም ያነሰ ነበር። 

«ታቦት ዓይኑን አብርቶለት፣ ባበራለት ዓይን ኪሎ ይሰርቅ!» አሉ ወይዘሮ አንጓች። ድምፃቸው ወፍጮ ቤቱን ሞላው።

አያ ፈንቴ ወደ መስኮቴ ዞሩ። የሚያዩት እኔን ሳይሆን ከእኔ ጎን ያለውን የበሩን መቃን ነበር። እኔ ወጣሁ፤ «አያ ፈንቴ እኮ …» ብዬ አፌን ከፈትኩ። መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ዝቅ ዝቅ አደረጉት። ቀስ።

ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ «በድያለሁ፣ አንጓች። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። ይቅር በይኝ» አሉ።

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ታቦቱ ይቅር ይበልህ።»

ፊታቸው የዚያን ጊዜ የነበረውን መልክ አልረሳውም። ዱቄቱ ባይኖር ኖሮ መቅላቱ ይታይ ነበር። ላባቸው በዱቄቱ ላይ መንገድ እያበጀ ወረደ። እኔ የሳቸውን እፍረት አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ።

ሥራ ስንጨርስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«ለምን አያ ፈንቴ? አላይም ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ሌባ ቢሉኝ የማፍር እኔ ነኝ። አልዳነም ቢሉ ግን የሚያፍር ታቦቱ ነው።»

«ታቦት ያፍራል እንዴ?»

ግድግዳውን ዳስሰው ተነሡ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወሬውን ሰምቶ በዚያው ሳምንት አሰናበታቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰው መንገድ እየለቀቀ ያሳልፋቸው ጀመር፤ ለክብር አልነበረም።

ከዚያ ከአንበሳሜ ከተማ አንድ ሰው መጣ። ሙላት ይባላል፤ በሬ ነጋዴ ነው፤ ወፍጮ ቤት ድረስ መጥቶ «ታቦት ያዳናቸው ሰውዬ» እያለ ሲጠይቅ እቤታቸው ወሰድኩት። አያ ፈንቴ ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እትዬ ጥሩዬ አጠገባቸው ምስር ይለቅማሉ። ሙላት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እኔም እንዳንቱ ስኳር ነው፤ ዓይኔን ደም ሞላው። ባሕር ዳር አንድ ጊዜ ተወጋሁ። ነገ ቀጠሮዬ ነበር፤ ግን የአንቱን ታሪክ ገበያ ላይ ሰማሁና ተውሁት። ሰው አይደለም ያዳነኝ ብለዋል አሉ። እኔም ተስዬ ጸበሉን ልጀምር ነው፤ እንዴት እንዳደረጉት ንገሩኝ ብዬ ነው የመጣሁ።»

 እትዬ ጥሩዬ ምስሩን መልቀም አቆሙ። ያቺ ቅጽበት አሁንም ታስጨንቀኛለች፤ ዝም ብለው ቢመርቁትና ቢሸኙት ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

«ቀረብ በል ወዲህ» አሉት።

ቀረበ። ዱቄት በሚፈትጉባቸው በነዚያ ሁለት ጣቶች ፊቱን ዳሰሱት።

«ጢም አለህ።»

«አለኝ።»

«አላየሁትም። ፊትህን አላይም፣ ልጄ። የጥሩዬንም ፊት ካየሁ ቆየሁ። ዳንሁ ብዬ ተናገርሁ፤ መልሶ ሲጠፋ አፍሬ ደበቅሁት። ሌባ የተባልሁትም ለዚሁ ነው። አሁን ዛሬ እዚህ ታድራለህ፤ ነገ ባሕር ዳር እንሄዳለን። የምትመራኝ አንተ ነህ።»

ሙላት እንደ ሕፃን አለቀሰ። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

በማግስቱ ሦስታችንም ሚኒባስ ተሳፈርን። አንበሳሜን ስናልፍ ሙላት ቤቱ ያለበትን እየጠቆመ ሲያሳያቸው፣ አያ ፈንቴ ወደማያዩት መስኮት ዞረው «ለታቦቱ ብዬ ነው እል ነበር። ለፈንቴ ነው ለካ» አሉ። ማንንም እያዋሩ አልነበረም።

ሐኪሙ አልተቆጣቸውም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቀኙ ዓይን አልፎበታል አለ። አዲሶቹ ሥሮች ጠባሳ ሆነው፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን ጎትተው ከቦታው አላቀውታል። ግራውን ወጋው፤ ቆይቶም በጨረር ተኮሰው። «ያለውን እናቆይልዎታለን፣ የሄደውን ግን አልመልስም» አላቸው። ግራው የሰው ጥላና የዱቄት ንጣት የሚለይ ሆኖ ቀረ። ሙላት ግን በጊዜው ስለደረሰ ዓይኑ ተረፈ፤ በወር በወሩ አብረው ሲመላለሱ መሪው እሱ ነበር።

«ንግሡ ሲመጣ» ይሉኝ ነበር አያ ፈንቴ፣ «ዳንሁ ባልሁበት ቦታ ቆሜ እናገራለሁ። መርፌውንም የላከልኝ እሱ ነበር፣ እኔ ነኝ የመለስሁበት እላቸዋለሁ። እስከዚያ አንች ቤሩት አፍሽን ያዢ። በራሴ አፍ ያልሁትን በራሴ አፍ ነው የማነሣው።»

አፌን ያዝኩ። ንግሡ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ልባቸው ነው አሉ፣ ተኝተው በዚያው ቀሩ።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወይዘሮ አንጓች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ያን ጊዜ ብቆጣውም ቂም አልያዝሁበትም። ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ነፍሱን ይማረው» አሉኝ፣ በረጋ ድምፅ፣ ደግ ነገር እንዳደረገ ሰው። አንገቴን ደፋሁ። በራሴ አፍ እናገራለሁ ያሉት አያ ፈንቴ ሞተዋል፤ አደራው በእኔ እጅ ነው፤ አፌ ግን አልከፈት አለ።

በዚህ መሀል ሙላት ገባ። ያለ መሪ፣ ያለ ዘንግ፣ በሰው መካከል እየተሽሎከለከ መጥቶ ወንዶቹ ዘንድ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጠየቁት፤ ከወዴት ነህ፣ የሟች ምናቸው ነህ?

«ከአንበሳሜ ነኝ፤ ዘመድ አይደለሁም» አለ። «ዓይኔ ሊጠፋ ሲል እሳቸውን ብዬ መጣሁ። እሳቸው ግን አላይም አሉኝ። አፍሬ ደብቄው ነው፣ ሚዛኑንም ማየት አቅቶኝ ነው ሌባ የተባልሁት አሉኝ። እጄን ይዘው ሐኪም ዘንድ የመለሱኝ እሳቸው ናቸው።»

 ወይዘሮ አንጓች ወደ እኔ ዞሩ።

«አንች … ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ከስሩ ሆነው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ይቅር ብዬሃለሁ አልሁት እኮ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ምኑን?» አሉ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።